ከሠርጉ በፊት ዝርዝር ጻፉ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የሠርግ ወቅት በመጣ ቁጥር ስለ አዳራሽ ኪራይ፣ ስለ ቬሎ፣ ስለ በሬ ዋጋ ትጽፋላችሁ። አነበዋለሁ፣ ደስም ይለኛል። ስለ ጋብቻ ውል ግን የምታነሱት ከስንት አንዴ ነው። እኔን ደግሞ የሚያሳስበኝ እሱ ስለሆነ ይችን ደብዳቤ ጻፍኩ። ትንሽ ትረዝማለች፣ ቦታ ካጠራችሁ መቁረጥ ትችላላችሁ፣ ስለ ዝርዝሩ ያልኩትን ብቻ አትንኩብኝ።

ሥራዬ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ያጣ ሰው፣ ወይም ጠበቃ ጋ ከመሄዱ በፊት "እስቲ መጀመሪያ ይህችን ጻፍልኝ" የሚል ሰው ከፊቴ ይቀመጣል፣ ያወራኛል፣ እተይባለሁ። ከምጽፈው ብዙው ፍቺና የንብረት ክፍፍል ነው። ስለ ፍቅራቸው የሚያወሩት ትንሽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው "ይህ ቤት የኔ ነበር፣ ግን ወረቀቱ የለኝም" በሚለው ላይ ነው።

ሊጋቡ የተዘጋጁ ልጆች ሳገኝ "ውል አላችሁ?" ብዬ እጠይቃለሁ፣ አመል ሆኖብኛል። ወጣቶቹ "እኛ እንዋደዳለን እኮ!" ይሉኛል። እናቶች ደግሞ "በስመ አብ፣ ገና ሳይጋቡ ሟርት!" ይላሉ። ሁለቱም ይገባኛል። ግን እስቲ አስቡት፣ አያቶቻችን በሰማንያ ሲጋቡ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዋስና እማኝ ተጠርቶ፣ ማን ምን ይዞ እንደመጣ በሰው ፊት ይነገር ነበር። ሙስሊም ወገኖቻችንም ኒካህ ሲታሰር መህሩ፣ ማለትም ባል ለሚስት የሚሰጠው፣ ስንት እንደሆነ ይናገራሉ፣ ማንም ሟርት ነው አይልም። ከጋብቻ በፊት ስለ ንብረት ማውራት ከፈረንጅ የመጣ ነገር አይደለም። ዛሬም ሽማግሌ ይላካል፣ ያው ቡናውን ጠጥቶ መርቆ ይመለሳል እንጂ ንብረት የሚባል ነገር አያነሳም፣ ቢያነሳም ይታፈርበታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውል ካልተፈራረምን ነገሩ ክፍት ይሆናል ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። አይሆንም። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ዝም ብሎ ለተጋባ ሰው ሁሉ መልሱን አስቀምጧል። (ይህ አዋጅ የሚሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። አማራም፣ ኦሮሚያም፣ ሌሎችም ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። በብዙው ይመሳሰላሉ፣ ግን እዚያ የምትጋቡ የክልላችሁን ጠይቁ።) መልሱ ባጭሩ ይህ ነው። በሠርጉ ቀን የነበራችሁ ንብረት የየግላችሁ ነው። ከዚያ በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዳችሁ የመጣም የግል ነው። በትዳር ውስጥ ሠርታችሁ ያመጣችሁት ግን የጋራ ነው፣ ስትለያዩ እኩል ትካፈላላችሁ። ማዘጋጃ ፈርማችሁ ተጋቡ፣ ቤተክርስቲያን ቆርባችሁ ተጋቡ፣ በኒካህም ይሁን በባህል፣ ውጤቱ ያው ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ይህ ሕግ ጥሩ ሕግ ነው። አንድ ፍራሽና አንድ ቲቪ ይዘው ለሚጀምሩ ሁለት ደሞዝተኞች ከዚህ የተሻለ ውል ጠበቃ አስቀምጠው አያጽፉም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ንብረት መከፋፈያ ውል ይፈራረም እያልኩ አይደለም። እኔ የምለው ዝርዝር ጻፉ ነው። በሠርጋችሁ ቀን እያንዳንዳችሁ ምን ነበራችሁ፣ ምን ዕዳ ነበረባችሁ፣ ይኼው።

ለምን ብትሉኝ፣ የሕጉ አንቀጽ 63 በባልና በሚስት እጅ ያለ ንብረት ሁሉ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም እንኳ። የግሌ ነው የሚለው ሰው የማስረዳት ሸክሙ በራሱ ላይ ነው። እሺ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ በምን ያስረዳል? የባንክ ደብተሩ ተቀዷል። ያኔ ብሩን ሲሰጠው ያየው አጎት ሞቷል። ወርቁ ከሠርግ በፊት የእናቷ ነበር፣ ፎቶ ላይ አድርጋው ትታያለች፣ ግን ፎቶው የሠርግ ማግስት ይሁን የዋዜማ ማን ያውቃል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚባለውን ሁላችንም ሌላ ሰው ላይ ስንተርተው ጎበዞች ነን። አራት እማኝ የፈረመበት አንድ ገጽ ዝርዝር ቢኖር ኖሮ ከምጽፋቸው ማመልከቻዎች ብዙዎቹ ባልተጻፉ ነበር። ገበያዬን እየዘጋሁ እንደሆነ ይገባኛል።

ዝርዝሩ ብቻውን የማይፈታቸው ነገሮችም አሉ። ሰው ሁሉ የሚደነግጥበትን ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ ከአባቷ የወረሰችው ቤት አላት እንበል። ቤቱ የሷ ነው፣ ስታገባም የሷ ነው። ካከራየችው ግን፣ ካገባች በኋላ የሚገባው ኪራይ የጋራ ነው! አንቀጽ 62 ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢም የጋራ ነው ይላል። በዚያ ኪራይ ሱቅ ብትገዛ ሱቁ የጋራ ነው፣ በሷ ስም ቢመዘገብም። እሷ ግን "የአባቴ ቤት ያስገባው ብር እኮ ነው" እያለች ከችሎት ችሎት ትመላለሳለች። ኪራዩ የግሌ ይሁን ከፈለገች ማለት የነበረባት በጋብቻ ውሉ ላይ ነበር። ወይም ኪራዩ ለልጆች ትምህርት ይዋል፣ ዋናው ቤት ግን እንዳይነካ ብለው በስምምነት መጻፍ ይችሉ ነበር። ሕጉ ይፈቅዳል።

ሁለተኛው መኪና ነው። ከማግባቱ በፊት ሚኒባስ ያለው ሹፌር አገባ። ሚኒባሱ አረጀ፣ ሸጠው፣ ጥቂት ጨምሮበት ሌላ ገዛ። ሊብሬው ላይ ያለው የሱ ስም ነው። የማን ነው? አንቀጽ 58 በግል ገንዘብ ወይም የግል ንብረት ተሽጦ የተገዛ ነገር የግል ሊሆን ይችላል ይላል፣ ነገር ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ የግል ነው ካልተባለ አይሆንም ብሎ ይጨምራል። መኪና ቀይሮ በማግስቱ "የግሌ ይባልልኝ" ብሎ ፍርድ ቤት የሚሄድ ባል እኔ እስካሁን አላየሁም። ሚስቱስ ብታይ ምን ትለዋለች? ስለዚህ ነው ይህን ከሠርግ በፊት በሰላሙ ጊዜ መነጋገር የሚሻለው፣ ያኔ ማንም አይቀየምም፣ ወይም ቢቀየም በጊዜ ይታወቃል።

ሦስተኛው፣ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ጉዳይ፣ ኮንዶሚኒየም። በ1997 ወይም በ2005 ተመዝግቦ፣ ወር በወር ንግድ ባንክ እየቆጠበ የኖረ ሰው በመሃል ያገባል። ዕጣው የሚወጣው ከጋብቻ በኋላ ነው። ቅድሚያ ክፍያው ከወንደላጤነት ዘመን ቁጠባ ነው፣ የባንክ ብድሩ ግን የሚከፈለው በትዳር ውስጥ ከሁለቱ ደሞዝ ነው፣ የወለል ንጣፉንና ኪችን ካቢኔቱን ያሠራችው እሷ ናት፣ እቁብ ጥላ። ይኼን ቤት የማን ነው ብላችሁ ሁለት ሰው ጠይቁ፣ ሦስት መልስ ታገኛላችሁ። በውል ላይ ግን ሁለት መስመር ነው የሚፈጀው፤ "እስከ ሠርጋችን ቀን የተቆጠበው ይህን ያህል ብር ነው፣ ቤቱ ሲደርስ የጋራችን ይሆናል" ወይም "ቤቱ የእሱ ይሆናል፣ እሷ ያወጣችው ይመለስላታል"። የትኛውንም ብትመርጡ ጉዳዬ አይደለም። ብቻ ምረጡ።

የዓረብ አገር እህቶቻችንን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም። ስድስት ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የላከችውን ብር በወንድሟ ስም ቦታ ተገዝቶበታል፣ ወይም በአባቷ ስም ቤት ተሠርቶበታል። ትመጣለች፣ ታገባለች። ባልየው ቤት አላት ብሎ ነው ያገባት፣ ወንድም ደግሞ ቤቱ የኔ ነው ይላል። የጋብቻ ውል ወንድምን አያስገድድም፣ ያልፈረመን ሰው አያስርም። እሷ መጀመሪያ ከወንድሟ ጋር መጨረስ ያለባትን ጨርሳ፣ ወረቀቱን በስሟ አዙራ፣ ከዚያ ነው ዝርዝሩ ላይ ማስገባት ያለባት። የሐዋላ ደረሰኝ አትጣሉ እባካችሁ፣ የላካችሁበትን ሁሉ አስቀምጡ።

አሁን አጻጻፉን ልንገራችሁ፣ ይኼ አጭር ነው። የጋብቻ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። አራት ምስክር ያስፈልጋል፣ ሁለት በባል በኩል፣ ሁለት በሚስት በኩል። የሚፈረመው ከሠርጉ በፊት ወይም በሠርጉ ዕለት ነው። ዕለቱን እርሱት፣ በሠርግ ዕለት ማንም ምንም አያነብም። ካለፈ በኋላ ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ "ቆይ ከጫጉላ ስንመለስ እንጽፋለን" የሚባል ነገር የለም። ምስክሮቹን ደግሞ ሚዜ ስለሆኑ ብቻ አትምረጡ። ከሚዜዎቹ ግማሹ ከዓመት በኋላ ካናዳ ነው ያለው። ቀልብ ያለው፣ አገር ውስጥ የሚቀመጥ፣ የሁለታችሁንም ወገን የሚያውቅ ሰው ይሁን። ኮፒውን በየቤተሰባችሁ አስቀምጡ፣ ወሳኝ ኩነት ስትመዘገቡም አብራችሁ አስገቡት።

ኮምፒውተር ቤት ያለውን ናሙና ስም ብቻ ቀይራችሁ እንዳትፈርሙ። እኔ ራሴ ፊት ቀርቦ ያየሁት አለ፣ "ከጋብቻ በፊት ያፈራነውም ሆነ ወደፊት የምናፈራው ንብረት ሁሉ የጋራችን ነው" የሚል። ይህ እኮ ሕጉ የግል ያለውን የጋራ አደረገ ማለት ነው! አውቃችሁ ከሆነ የተባረከ ነው፣ ብዙ ባለትዳሮች እንዲህ ብለው በደስታ ይኖራሉ። ሳታነቡ ከሆነ ግን የአባታችሁን ቤት አካፍላችሁ ነው የወጣችሁት።

የተገላቢጦሹም አለ፣ እኔን የሚያናድደኝ ይኼኛው ነው። አንዳንድ ባለ ሀብት "የየራሳችን ገቢ የየራሳችን ነው" የሚል ውል አስጽፎ ይመጣል። ሲሰሙት ዘመናዊ ነው፣ እኩልነት ይመስላል። ልጅቷ በፍቅር ትፈርማለች። ከዚያ ልጅ ይወለዳል፣ ሥራሽን ተዪ ይባላል፣ ትተዋለች። አሥር ዓመት ልጅ ታሳድጋለች፣ ቤት ትይዛለች፣ አማት ታስታምማለች፣ ገቢ የላትም። የየራሳችን የተባለው ሁሉ የሱ ሆነ ማለት ነው። ውል ባይፈራረሙ ኖሮ ሕጉ ግማሹን ይሰጣት ነበር፣ ምክንያቱም ሕጉ የሚያየው ደሞዙን ማን አመጣ የሚለውን አይደለም። እህቶቼ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣላችሁ ቢያንስ ሁለት ነገር ሳታስገቡ አትፈርሙ፤ አንዱ ለልጅ ወይም ለቤት ሥራ ብሎ ከሥራ የወጣ ሰው ካለ ያ ዘመን እንዴት እንደሚታሰብለት፣ ሁለተኛው የምትኖሩበት ቤት ነገር። እሱ እምቢ ካለ እምቢታው ራሱ መልስ ነው። ይህን የምለው ለሴት ብቻ አይደለም፣ ሚስቱ ነግዳ እሱ ልጅ የያዘ ወንድም አውቃለሁ።

በሌላ በኩል ውል የግድ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። ከፊተኛው ትዳር ልጆች ያሉት። ከወንድሞቹ ጋር ሽርክና ያለው፣ ነገ እሱ ሲፋታ የወንድሞቹ ድርጅት አብሮ እንዳይታመስ። እርሻ ወይም ወርክሾፕ ይዞ የሚገባ። እና ዕዳ ያለበት።

ዕዳን ሰው ይደብቃል። ደሞዙን ይናገራል፣ ዕዳውን ግን ያድበሰብሳል። ሕጉ የአንዱ ተጋቢ ዕዳ በመጀመሪያ ከራሱ የግል ንብረት ይከፈላል፣ የግል ንብረት ከሌለው ከጋራው ይከፈላል ይላል። ስለዚህ የእጮኛችሁ ዕዳ የእናንተም ጉዳይ ነው። ዋስትናም አለ። አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ መበደር፣ ማበደር ወይም ዋስ መሆን የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል ይላል። አዎ፣ 500 ብር! በ1992 ብር ነበር፣ ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም። ይህን ቃል በቃል የሚያከብር ባለትዳር አዲስ አበባ ውስጥ አለ ብዬ አላምንም። ግን ባልየው ለጓደኛው የሚሊዮን ብር ብድር ዋስ ሲሆን ሚስት ሳታውቅ ከሆነ፣ ካወቀች በስድስት ወር ውስጥ፣ ግፋ ቢል ነገሩ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዳ ማፍረስ ትችላለች። ጊዜው ካለፈ አለቀ። እስከ ስንት ብር ሳንጠያየቅ እናወጣለን የሚለውን መነጋገር ለሰላምም ይጠቅማል።

ውል ውስጥ ብትጽፉትም የማይሠራ አለ። "ከተለያየን ልጆቹ የኔ ናቸው" ብላችሁ ብትፈርሙ ፍርድ ቤቱ የሚያየው የልጁን ጥቅም ነው። ቀለብ አልከፍልም ማለትም እንደዚያው። "ፍቺ የጠየቀ ሁሉንም ይልቀቅ" አይነት ማስፈራሪያ የሚጽፉም አሉ፣ ከሕጉ አስገዳጅ ድንጋጌ ጋር የሚጋጭ ነገር እንደማይጸና ልብ በሉ።

"እኛ እኮ አልተጋባንም፣ አብረን ነው የምንኖረው" ለምትሉ ደግሞ፣ ሕጉ እናንተንም አልረሳችሁም። እንደ ባልና ሚስት ሆነው ሳይጋቡ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የኖሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል፣ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው። መኪና ለመሸጥ ውልና ማስረጃ ሄዶ ያላገባ ወረቀት ያሳየ ሁሉ ንብረቱ የብቻው ነው ማለት አይደለም።

ውጭ ያላችሁ፣ ወይም አግብታችሁ ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ እዚህ የፈረማችሁት ወረቀት እዚያ እንዴት እንደሚነበብ እዚያው ያለ ጠበቃ ጠይቁ። አሜሪካ ብቻ እንኳ እንደ ስቴቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ በትዳር የተገኘ ገቢ የጋራ ነው ትላለች፣ እንደኛው። ብዙ ወገን ያለባቸው ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ደግሞ ዳኛው ፍትሐዊ የመሰለውን ያካፍላል፣ ግማሽ በግማሽ መሆኑ ግዴታ አይደለም።

የመጨረሻው የሞት ነገር ነው፣ ይህን ማንም አይነግራችሁም። በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ባል ለሚስቱ፣ ሚስት ለባሏ ወራሽ አይደሉም! የሞተው ሰው ልጆች ይወርሳሉ። ልጅ ከሌለው ወላጆቹ። የቀረችው ሚስት ከጋራ ንብረቱ የራሷን ግማሽ ትወስዳለች፣ የሱ ግማሽ ለአማቶቿ ይሄዳል። ሃያ ዓመት አብረው የኖሩበትን ቤት በሐራጅ ሲያሸጥ ያየሁት ይኼ ነው። ሰዎች ይህን በጋብቻ ውል "ስሞት ትውረሰኝ" ብለው ሊፈቱት ይሞክራሉ። በሕይወት ባለ ሰው ውርስ ላይ ውል አይደረግም፣ ሕጉ ይከለክላል። ይህን የሚፈታው ኑዛዜ ነው። ስለዚህ ውሉን ስትጨርሱ በዚያው ሳምንት ኑዛዜም ጻፉ፣ ሁለታችሁም፣ ለየብቻ።

እና እባካችሁ ይህን ሁሉ ለማጻፍ እኔ ጋ አትምጡ። ክርክር ሲነሳ ማመልከቻ እጽፍላችኋለሁ፣ ቀለል ያለ ዝርዝርም እተይብላችኋለሁ። ቤት፣ ድርጅት፣ የፊት ልጆች ወይም ዕዳ ካለ ግን ጠበቃ ያዙ፣ ከተቻለም የየራሳችሁን። ለአንድ ሰዓት ምክር የሚከፈለው ለቬሎ ከሚከፈለው አይበልጥም።

ከአክብሮት ጋር፣
ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ከአዲስ አበባ